ግማሽ ከለላ

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ከብስክሌት ቤቱ ጓሮ፣
የተነፈሰ ከመነዳሪ ከማገሩ ላይ ታስሮ፣
ካርታችን ተዘረጋ፣ በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ
በከሰል የተሰመረ፣ አንድ መስመር ሳይዛባ።

የሺሐረግ ትመራለች፤
ቀን የሐኪም ጽሑፍ ፈቺ፣ ማታ የእኛ ዕጣ ፈራጅ፣
ለልመናም ለቁጣም የማትበገር፣ የደንብ ብቻ ወዳጅ።
እኔ የበቆሎ ፍሬ ነኝ፤ ከድንጋይ ዓምድ ሥር አለሁ።
ቻላቸው ብሎን ነው።
አንሙት የለስላሳ ቆርኪ።
አንሙት ራሱ የለም።
ሦስተኛ ቅዳሜው ነው፣ ወንበሩ ባዶውን ሲያመሽ፤
ቆርኪውን ግን ከተወበት ያነሳው የለም፤ ጥርሱን ወደ ላይ አግጦ
ዝገት ጀምሮት ቆሟል፣ ከጠላት ፊት አፍጥጦ።

አስማተኛው በሩ ላይ ወጣ፤ በእኔና በእሱ መሃል ዓምዱ።
«ይወርውር እንግዲህ» አልኩ፣ «ከዚህ ድንጋይ ወዲያ ነው መንገዱ።»
እሱ ግን እኔን አላለም። ጣቱን በዓምዱ ጎን አሳልፎ
ባዶ ወለል ላይ ጠቆመ፤
እሳቱ እዚያ ፈነዳ፣ እዚያም አልቀረ፣ ሞላ ከክፍሉ ተርፎ።

«ዓምዱስ?»

«ዓምዱ የሚከልልህ ከሰውዬው ነው» አለች፣ ክሯን እየፈታች፤
«እሳቱ አሁን የሰውዬው አይደለም።
የሚለካው ከፈነዳበት እንጂ ከወርዋሪው እጅ አይደለም።
ደግሞም ጥግ ይዞራል፤
ከዘጌ በኩል የተነሳ ነፋስ
ደንገል ጀርባ ያሰርከውን ታንኳ መች ያጣዋል?»

ዝም አልኩ።
ዕድሜ ልኬን ጥግ ስመርጥ እጅ እጁን ሳይ ነው የኖርኩት፤
ማን ይወረውራል? እንጂ
የት ይፈነዳል? ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁት።

የክሩን ጫፍ በአውራ ጣቷ ከእሳቱ ልብ ላይ ተክላ
እስከ በቆሎዬ ወጠረችው።
ክሩ መሃል ላይ ቆርኪውን ነካ።

ማንም አልተነፈሰም። ውጭ ባጃጅ ኩሬ ረግጦ አለፈ።
«የሌለ ሰው ይከልላል?» አለ ቻላቸው።
የሺሐረግ ክሩን እንደወጠረች ቆየች፤
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ።
«ደንቡ በመሃል የቆመ አካል ይላል።
መጣ ቀረ አይልም።
ቆሟል።
ግማሽ ከለላ፤ ሁለት ጨምር።»

ጣልኩ፦ አሥራ ሦስት።
የሚያስፈልገኝ አሥራ አምስት።

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ይላሉ፤
መድኃኒት የምትሸጠዋ ግን ግማሽ ነው ያለችው።
በዚያች ግማሽ፣ ግማሽ ጎኔ ብቻ ተጠብሶ ተረፍኩ።

«አሁን ለእሱ ጣሉለት።»

ለእሱማ ከፊቱ ማን አለ? እሳቱና እሱ ብቻ።
ዳይሱ ካልሲው ውስጥ ነው፤ ሰማያዊ፣ ሰባቷ ላይ የተሸረፈ፣
ወደቡ ላይ ቆረሶ ሲልጥ ውሎ
ቅርፊት ባልለቀቀው እጁ እፍ እያለ የሚጥለው።
ስልኩን ሞከርኩ። ያቺው ሴት፣ በሁለት ቋንቋ፣
ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም አለችኝ።
አንሙት! ምን ዓይነት ስም ነው፤
ለአንድ ልጅ ወጥቶ ሁላችንን የሚጠራ፤
አትሙት አይል፣ አልሙት አይል፣
አንሙት፤ እኛም አለንበት።

ካልሲውን የፈታው የለም።
«ለሚመጣው ቅዳሜ» አለች የሺሐረግ፣ ክሯን ጠቅልላ፤
እሳቱ እንደፈነዳ፣ ገና ሳይወርድበት፣
ሳምንት ሊቆም ተፈረደለት።

ዝናቡ ሲያባራ ሐይቁ መሰማት ጀመረ።
ካርታውን ለማጠፍ እጄን ስሰድ ቻላቸው «ተው» አለኝ፤
ከመነዳሪ የሚፈትሽበትን ሳፋ ውኃውን ደጅ ደፍቶ፣
ዳሩን በሸሚዙ ጠርጎ፣
ቆርኪው ላይ ቀስ ብሎ ደፋው።

«ይኼስ ስንት ይጨምራል?»

የሺሐረግ የደንቡን ደብተር አልገለጠችም።